ከአረቄ ሐራራ የሚያላቅቅ መድኃኒት እንዴት ይጀመራል?

ደብረ ብርሃን ላይ የሚጠጣ ሰው ሰበብ አያጣም። ብርዱ አለ፣ ዝክሩ አለ፣ ሰንበቴው አለ፣ ለቅሶው አለ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ «ጋሽዬ» የምለው፣ «ለብርድ ነው» እያለ ጀምሮ ጠዋት አንድ መለኪያ ሳይቀምስ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ የማይችል ሰው ሆነ። የመጠጥ ሐራራን የሚቀንስ መድኃኒት እንዳለ የሰማሁት ብዙ ከተጎዳን በኋላ ነው። መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ ግን በአብዛኛው የቤተሰብ ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ

ለአንድ ሳምንት በቀን ስንት መለኪያ እንደጠጣ፣ አረቄ ይሁን ጠላ፣ የመጀመሪያውን በስንት ሰዓት እንደቀመሰ ጻፉ። «ትንሽ ትንሽ ይጠጣል» የሚለው መልስ ሐኪሙን አይረዳውም። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ጠርሙስ አረቄና አንድ ጣሳ ጠላ አንድ አይደሉም። የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ጻፉ። ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎ ጥሎት የሚያውቅ ከሆነ እሱን ከሁሉም በላይ ጻፉት።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል። እናታችን «ልጄ አበደ እንዴ?» ብላ ወር ሙሉ አዘገየችን። አላበደም። የአልኮል ሱስን የሚያክመው ግን ይኼው ክፍል ነው።

በአንድ ጊዜ አታስቁሙት

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። እኛ ያጠፋነው እዚህ ነው።

ጋሽዬ «ለሁዳዴ አቆማለሁ» አለ። እኛም እልል አልን። የቅበላ ማታ የመጨረሻውን ጠጣ። ሰኞ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ላቡ ይንቆረቆር ጀመር። ጾም ስለሆነ እህል አልቀመሰም። «ሱሱ እየወጣለት ነው» አልን። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል መደቡ ላይ ተንዘፍዝፎ ወደቀ። ጎረቤት መጣ፣ ክብሪት ተጫረ፣ ጭሱን አሸተትነው፣ አንዱ በጥርሱ መሀል ማንኪያ ሊያስገባ ታገለ። ሲነቃ ሰይጣን ነው ተባለና ቤት አቆየነው። ረቡዕ ሌሊት ከጋቢው ላይ ጉንዳን መልቀም ያዘ። ጉንዳን የለም። በሁለት ጣቱ አንድ በአንድ እያነሳ መሬት ላይ ይጥላል። እኔን በስሜ አልጠራኝም፤ ማን እንደሆንኩም አላወቀም።

ሐሙስ ጠዋት ተሸክመን ወሰድነው። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «መቼ ነው ያቆመው?» ብላ ነው። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ለካ ለዓመታት አልኮል የለመደ አንጎል በድንገት ሲነጠቅ ከልክ በላይ ይነቃል። መንቀጥቀጡ የመጨረሻው መለኪያ ከተጠጣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይጀምራል። መንዘፍዘፉ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። መቃዠቱ፣ ትኩሳቱና ሰው አለመለየቱ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይከተላል፤ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ስለዚህ በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሐኪም ሳያየው በአንድ ጊዜ እንዲያቆም አታስገድዱት። ጠርሙሱን አትቆልፉበት። ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ይሰጠውና በየቀኑ እየቀነሰ ያወጣዋል። ዳያዜፓምን ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሞክሩት፤ ከአረቄ ጋር ከተደረበ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከተንዘፈዘፈ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪቱን ተዉትና መኪና ፈልጉ።

አንድ ሌላ ነገር። የኛ ሰው ሆስፒታል ሲገባ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላል። እኔም ብያለሁ። ብዙ የጠጣና ያልበላ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ያልቅበታል። እሱ ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። «ቢ1 ተሰጥቶታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጸበልን በተመለከተ፣ እኛም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደናል፣ ጻድቃኔ ማርያምም ሄደናል። ጸበልና ክኒን አይጣሉም። ብቻ ያ የመጀመሪያው አስፈሪ ሳምንት በሐኪም እጅ ይለፍ፤ ከዚያ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

የትኛው ክኒን?

ይህ ሳምንት ሲያልፍ ሰውነቱ ይረጋጋል። ሐራራው ግን ይቀራል። ሦስት ዋና መድኃኒቶች አሉ፤ ምርጫው የሐኪሙ ቢሆንም እናንተም እወቋቸው።

ናልትሬክሶን በቀን አንድ 50 ሚሊግራም ክኒን ነው። መጠጥ አንጎል ውስጥ የሚፈጥረውን ደስታ ያደበዝዘዋል፤ ሰውየው ቢቀምስም «አልጣመኝም» ይላል። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ይሻላል። ከትራማዶል፣ ከኮዴይንና ከሞርፊን ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ወገቤን አመመኝ ብሎ ትራማዶል የሚውጠው ሰው ብዙ ነውና ይህን ሳትደብቁ ተናገሩ።

አካምፕሮሴት ያቆመ ሰው እንዳቆመ እንዲቆይ ያግዛል። ለጉበት አይከብድም፤ መታየት ያለበት ኩላሊት ነው። ችግሩ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ክኒን መሆኑ ነው። እርሻ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2023 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ያም ሆኖ በየፋርማሲው ይገኛሉ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

ሦስተኛው ዳይሰልፊራም ነው፤ አንታቡስ ይባላል። ሐራራ አይቀንስም። የሚሠራው በማስፈራት ነው። የወሰደው ሰው ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሊሞትም ይችላል። ከመጨረሻው መለኪያ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳያልፍ አይጀመርም። ክኒኑን ካቆመ በኋላም እስከ 14 ቀን ድረስ ከጠጣ አደጋው አለ። ልብ ሕመም ላለበት አይሆንም።

አንዲት የሰፈር ሰው «ሳያውቅ ወጡ ውስጥ ጨምሪበት» ብላ መክራኝ ነበር። ቢጨንቀኝ አስቤው አውቃለሁ፣ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። የማያውቅ ሰው ማታ ሄዶ ይጠጣላ! ሳይነገረው በጭራሽ አይሰጥም። እያወቀ የሚወስድ ከሆነ ጠላ ብቻ ሳይሆን ቅራሪም፣ አልኮል ያለበት የሳል ሽሮፕም ይቅርበት። ለአሜባ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልም አብሮት አይወሰድም። ክሊኒክ በሄደ ቁጥር «ዳይሰልፊራም እወስዳለሁ» ይበል።

በየቀኑ

ክኒኑ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ፊት ይዋጥ። በእኛ ቤት ጠዋት ከሻይ ጋር ነው፤ የምሰጠው እኔ ነኝ። እንደ ፖሊስ ግን አልቆጣጠርም። ጋሽዬ ራሱ «አምጪልኝ» ብሎ ይጠይቃል።

ለፋሲካ ቀመሰ። እኔ ጮህኩበት፣ እናቴ አለቀሰች፣ እሱ አፈረና አራት ቀን ክኒኑን ተወው። ጥፋቱ የኛ ነበር። ናልትሬክሶን የሚወስድ ሰው አንድ ቀን ቢጠጣም በማግስቱ ክኒኑን ይቀጥላል፤ ለሐኪሙም ይነገረዋል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ለብዙዎች ዓመትም ይሆናል። ከምክር አገልግሎት ጋር ሲሆን የበለጠ ይሠራል፤ ቀጠሮውን አትዝለሉ።

ድግስ ሲጠራ አብራችሁት ሂዱ። ቀድማችሁ ለባለቤቶቹ ንገሩና ብርጭቆው ውሃ ወይም ለስላሳ ይሞላበት፤ «አፍንጫህን ይዘህ አንዴ ተጎንጭ» የሚል ዘመድ አይጠፋምና አጠገቡ ተቀመጡ። ክኒኑ ደግሞ አንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ ማዘዣ ያዙ። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ተነስቶ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ «አልቋል» መባል ከባድ ነው፤ ያ ባዶ ሳምንት ደግሞ ለሐራራው ይበቃዋል።