ካስት አይረን ሚሊንግ ላይ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ግራጫ ካስት አይረን በሚሊንግ፣ ማለትም በሚሽከረከር ባለ ጥርስ ከተር፣ ለመቁረጥ ከሚመቹ ብረቶች አንዱ ነው። በውስጡ ካለው ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ካርቦን አብዛኛው ስስ የግራፋይት ቅጠል ሆኖ ስለሚቀመጥ ቺፑ (ተቆርጦ የሚወጣው ፍቅፋቂ) ሳይጠቀለል እየተሰባበረ ይወድቃል፣ ግራፋይቱም እንደ ቅባት ያገለግላል። ስለዚህ ኢንሰርት (ከተሩ ላይ የሚታሰረው ተቀያሪ መቁረጫ ጥርስ) ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ፍጥነት ከመነካካት በፊት ችግሩ የሚነሳበት ቦታ ይታይ። ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ወይም በአንድ ስስ ክንፍ ላይ ከሆነ ጣጣው ከማቅለጫው ነው። ፊቱን በሙሉ እኩል ከያዘ ግን ብዙውን ጊዜ ከፍጥነት፣ ከፊድ (እቃው ወደ ከተሩ ከሚገባበት ልክ) ወይም ከአያያዝ ነው።

ከታች ያሉት ቁጥሮች ጥንካሬው በብሪኔል መለኪያ 200 አካባቢ ለሆነ ግራጫ ካስት አይረን፣ 63 ሚሜ ዲያሜትርና 5 የካርባይድ ኢንሰርት ላለው ፌስ ሚል (ፊት የሚያስተካክል ከተር) ናቸው። መነሻው በደቂቃ 120 ሜትር የመቁረጫ ፍጥነት ነው፤ ይህም 600 ዙር አካባቢ ይሆናል። በአንድ ጥርስ 0.2 ሚሜ ፊድ ሲሰጠው ጠረጴዛው በደቂቃ 600 ሚሜ ይሄዳል። ኢንሰርቱ የኬ ምድብ፣ ማለትም ለካስት አይረን የተመደበው ካርባይድ ይሁን፤ ኬ20 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የሃይ ስፒድ ስቲል ከተር ከሆነ ፍጥነቱ ከ18 እስከ 25 ሜትር ውስጥ ይቆይ።

ኢንሰርቱ በመጀመሪያው ፓስ (የከተሩ አንድ ጊዜ ማለፍ) ላይ ያልቃል፣ በሁለተኛው ሰላም ነው

መንስኤው ቅርፊቱ ነው። እቃው ከሻጋታ ሲወጣ ፊቱ ላይ የተጋገረ አሸዋና ጠንካራ ኦክሳይድ ይኖራል፤ አሸዋ ደግሞ ካርባይድን እንደ ሞረድ ይበላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት «መጀመሪያ ትንሽ ላንሳና ልየው» ብሎ 0.5 ሚሜ መግባት ነው። ያኔ ጥርሱ መልካሙን ብረት ሳይነካ ሙሉ መንገዱን ቅርፊት ውስጥ ይሄዳል።

መፍትሄው ቅርፊቱን ከሥር መያዝ ነው። አሸዋውን በሽቦ ብሩሽ ወይም በግራይንደር አንሱ፤ ከዚያ በአንድ ፓስ ከ2.5 እስከ 3 ሚሜ ግቡ። ፍጥነቱን ለዚህ ፓስ ብቻ ወደ 90 ሜትር፣ ማለትም ወደ 450 ዙር አውርዱ፤ በጥርስ የሚሰጠውን 0.2 ግን አትንኩ። ዙሩ ስለቀነሰ የጠረጴዛው ፊድ ወደ 450 ሚሜ ይወርዳል። ኢንሰርቱ ላይ በጥልቀቱ መስመር ብቻ ቦይ የሚቆፈር ከሆነ የጥርሱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የቆመውን 90 ዲግሪ ከተር ትታችሁ ያዘነበለውን 45 ዲግሪ ያዙ፤ የቅርፊቱ ጫና በረዘመ ጠርዝ ላይ ይከፋፈላል። እቃው ከ2 ሚሜ ያነሰ ትርፍ (ተቆርጦ የሚነሳ ውፍረት) ይዞ ከመጣ ግን ማሽኑ ላይ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። ሻጋታው የሚወጣበት ሞዴል ላይ ትርፍ እንዲጨመር መንገር ነው።

ከተሩ ጥግ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ይተዋል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ስስ ክፍልና ሹል ጥግ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ካርቦኑ ግራፋይት ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ ከብረቱ ጋር ተጣምሮ ሲሚንታይት ይሆንና ቦታው ወደ ነጭ ካስት አይረን ይለወጣል። ግራጫው ከ160 እስከ 260 ብሪኔል ሲሆን ነጩ ከ400 ያልፋል። ለማረጋገጥ ሞረድ ይበቃል፦ ደህናው ቦታ ላይ ሞረዱ ነክሶ ጥቁር ዱቄት ያወጣል፣ ነጩ ላይ ግን እንደ መስታወት ተንሸራቶ ያልፋል።

ፊድ መቀነስ እዚህ ላይ አይረዳም፤ ጥርሱ ሳይቆርጥ እያሻሸ ይሞቃል። እቃው አንድ ብቻ ከሆነና መጨረስ ግድ ከሆነ ኬ10 ኢንሰርት ይዞ ከ40 እስከ 50 ሜትር ፍጥነት መሥራት ይቻላል፤ ኢንሰርት መጣሉ ግን አይቀርም። እቃው ብዙ ከሆነ አኒል ይደረግ፣ ማለትም በሙቀት ይለስልስ፦ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለጥቂት ሰዓት ይቆይና እምድጃው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። በዚህ ሙቀት ፊቱ ይቃጠላል፣ እቃው ይጣመማል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትርፉ ከመነካቱ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ የሚደረግ አይደለም።

ሥሩ ያለው ማቅለጫው ላይ ነው። ሲሊከን ማነስ፣ ከቁርጥራጭ ጋር የገባ ክሮሚየም፣ እርጥብ ሻጋታ፣ ሁሉም ነጭ ያመጣሉ። የቀለጠው ብረት ያለበት ባልዲ ላይ ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ፌሮሲሊከን (የብረትና የሲሊከን ቅይጥ) ጨምሮ ሳይዘገዩ መቅዳት ብዙውን ያድናል፤ ከቆየ ኃይሉ ይጠፋል። እቃውን ከሻጋታ ቶሎ ማውጣት ነጭ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። አያደርገውም፤ ነጩ የሚፈጠረው ብረቱ ሲረጋ ነው። ቶሎ ማውጣት ጠቅላላውን ያጠነክራል፣ ውስጡም ጭንቀት ይተዋል።

ጠንካራው ቦታ ጥግ ሳይሆን መስመር ሠርቶ ከተገኘ ቀድሞ የተበየደ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ተራ የብረት ኤሌክትሮድ ከካስት አይረን ካርቦን ጠጥቶ ከተር የማይበላው ሆኖ ይደርቃል። በኋላ ሚሊንግ የሚደረግ እቃ በኒኬል ኤሌክትሮድ፣ በአጭር በአጭሩ ይበየድ። ከብየዳው ጎን ያለው የጋለ ጠርዝ ግን ያኔም ትንሽ ይጠነክራል።

ከተሩ ሲወጣ የእቃው ጠርዝ ይሸረፋል

ካስት አይረን አይለመጥም። ጥርሱ ወደ መውጫው ሲጠጋ ከፊቱ የቀረው ቀጭን ብረት ከመቆረጥ ይልቅ እንደ ብስኩት ተቆርሶ ይወድቃል፤ ጠርዙ ላይ የሚቀረውም ሻካራ፣ ግራጫ ስብራት ነው። የሚያባብሱት ሦስት ናቸው፦ የበዛ ፊድ፣ 90 ዲግሪ ከተርና የደከመ ኢንሰርት። የኢንሰርቱ ጎን 0.3 ሚሜ ከተበላ መሀል ላይ አሁንም ደህና ይቆርጣል፣ ጠርዝ ላይ ግን ይሰብራል።

45 ዲግሪ ከተር ግፊቱን ወደ ታች፣ ወደ እቃው ስለሚመልሰው ብቻውን አብዛኛውን ይፈታል። ያ ከሌለ መውጫው ጠርዝ ላይ አስቀድሞ 1 ሚሜ ያህል ቻንፈር (ያዘነበለ ጠርዝ) በሞረድ ይሠራ። የመጨረሻዎቹን 10 ሚሜ በግማሽ ፊድ ማለፍም ይረዳል። ስስ ግድግዳ ከሆነ ከኋላው የካስት አይረን ቁራጭ አስጠግታችሁ አብራችሁ እሰሩ፤ የሚሸረፈው ቁራጩ ይሆናል።

ኢንሰርቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስንጥቆች

ኩላንቱን (ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ዝጉ። ጥርሱ ሲቆርጥ ይግላል፣ ሲወጣ ኩላንት ይደፋበታል፤ ካርባይድ ይህን መፈራረቅ አይችልም። ግራጫ ካስት አይረን በደረቁ ነው የሚቆረጠው። ኩላንቱ ከግራፋይቱ ዱቄት ጋር ተቦክቶ የሚሠራው ጥቁር ጭቃም ፓምፑን ይደፍናል። ዱቄቱን በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት፤ የማሽኑ ስላይድ ሥር ገብቶ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል፣ የተረፈው ሳንባ ውስጥ ይገባል። በቫክዩም ወይም በብሩሽ ይነሳ፣ ማስክም ይደረግ።

ማሽኑ ላይ ዝርግ ነበር፣ ሲፈታ ተጣመመ

ከመፍታታችሁ በፊት ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን መንቀሳቀስ የሚለካ ባለ መርፌ መሣሪያ) እቃው ላይ አስቀምጡና ብሎኖቹን አንድ በአንድ አላሉ። መርፌው ከ0.02 ሚሜ በላይ ከዘለለ እቃውን ያጣመመው ክላምፑ ነው፦ ክላምፑ በተጫነበት ቦታ ልክ ከሥር ስስ ላሜራ አስገቡ፣ ከሥሩ ባዶ በሆነ ቦታ ላይም አትጫኑ። መርፌው ዝም ካለና እቃው በማግስቱ ከተጣመመ ግን የውስጥ ጭንቀት ነው። ከ540 እስከ 565 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለእያንዳንዱ 25 ሚሜ ውፍረት አንድ ሰዓት ቆይቶ እምድጃው ውስጥ ይቀዝቅዝ። እምድጃ ከሌለ ሻካራውን ቆረጣ ጨርሳችሁ 1 ሚሜ ተዉ፣ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ከዚያ ብዙ ሳታጠብቁ አስራችሁ የመጨረሻውን ፓስ ስጡ።

ቺፑ ይረዝማል፣ ኢንሰርቱ ላይ ይለጠፋል

ይህ ግራጫ ላይሆን ይችላል። እቃውን አንጠልጥላችሁ በመዶሻ ምቱት፦ ግራጫው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ግራፋይቱ ክብ የሆነው ዳክታይል ካስት አይረን እንደ ደወል ይጮኻል። ዳክታይል ከሆነ ሾል ያለ ኢንሰርት ያስፈልጋል። መለጠፉ ፍጥነት ሲያንስም ስለሚብስ ዙሩን በጣም አታውርዱ።

ፊቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች

በማጉያ መነጽር እዩ። ፊቱን በሙሉ የሸፈኑ ሻካራ ነጥቦች ከሆኑ ደንዝዞ የሚያሻሽ ኢንሰርት ግራፋይቱን እየነቀለ ነው፤ አዲስ ጠርዝ አዙራችሁ በጥርስ 0.1፣ በጥልቀት 0.5 ሚሜ አጨራርሱ። ውስጣቸው ለስላሳ የሆነ፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ክብ ጉድጓዶች ከሆኑ ግን የጋዝ ናቸው። ቀጥሎ የምታነሱት ፓስ አዲስ ሊከፍት ስለሚችል የቀረውን ትርፍ ለክታችሁ፣ እቃው ዘይት ወይም ግፊት የሚይዝ ከሆነ ሥራውን እዚያው አቁሙና ወደ ማቅለጫው መልሱት።