የድሮ የድብድብ ጌም ውድድር በኦንላይን ስታዘጋጁ ተጠንቀቁ፦ ብዙ አዘጋጅ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

«የድሮ ጌም ውድድር ልናደርግ ነው» ሲባል ለመመዝገብ የሚሰንፍ የለም። ትዝታው ራሱ ሰውን ይጎትታል። ጣጣው የሚመጣው በዕለቱ ነው፤ ቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ነገር ሳይወሰን ቀርቶ ሁሉም በያለበት መጨቃጨቅ ሲጀምር።

የጌሙን ስም ብቻ ጠርቶ ማለፍ

«ስትሪት ፋይተር 2 ነው የምንጫወተው» ብቻ ብሎ መለጠፍ ምንም እንዳላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሌላ፣ በ1994 የወጣው ሱፐር ተርቦ ሌላ። ፍጥነታቸውም ካራክተሮቻቸውም ይለያያሉ። አንዱ ጌም ራሱም ከአንድ በላይ እትም ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ሰርድ ስትራይክ (የስትሪት ፋይተር 3 እትም) ውሰዱ፦ በመጀመሪያው የአርኬድ (የጌም ቤት ማሽን) እትም ዩሪየን የተባለው ካራክተር መስታወት የመሰለ ጋሻውን ዘርግቶ ሊመከት የማይችል ጥቃት መሥራት ይችላል፤ ቀጥሎ በወጣው እትም ግን ይህ ተስተካክሏል። አንዱ ይህን ዘዴ ሲለማመድ ከርሞ ሌላው ስለመኖሩ እንኳ ሳያውቅ ቢገናኙ ጠቡ አይቀርም። ስለዚህ የጌሙን ሙሉ ስም፣ እትሙን፣ የፍጥነት ምርጫውንና የሚጫወቱበትን ማሽን ጻፉ።

ከመወሰናችሁ በፊት ጌሙ በኦንላይን የሚሠራ መሆኑንም አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የስትሪት ፋይተር 30ኛ ዓመት ስብስብ 12 ጌሞች አሉት፤ በኦንላይን የሚያጫውቱት ግን 4ቱ ብቻ ናቸው።

ኮኔክሽንን አቅልሎ ማየት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። እነዚህ ጌሞች በሰከንድ 60 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ የስክሪን ምስል ነው) ገደማ ይሄዳሉ። የ100 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት 6 ፍሬም ጠፋ ማለት ነው፤ በድብድብ ጌም ደግሞ በ6 ፍሬም ውስጥ ብዙ ነገር ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቮ በተባለው ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር ላይ ዳይጎ ኡሜሃራ በሰርድ ስትራይክ በኬን ሲጫወት፣ ጉልበቱ ተሟጦ እያለ የጀስቲን ዎንግን ቹን-ሊ ሱፐር ምቶች አንድ በአንድ በፓሪ (ምቱ ሲደርስ በቅጽበት በሚደረግ መከላከያ) መልሶ ያሸነፈበትን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ሰርድ ስትራይክ ሲባል የሚመጣው ያንን እያሰበ ነው። ላግ (የኮኔክሽን መዘግየት) ካለ ግን ያንን ማሰብ ከንቱ ነው፤ ፓሪ ቁልፉን በትክክለኛዋ ቅጽበት መጫን ይፈልጋልና።

መፍትሔው ሮልባክ የሚባለው የኦንላይን አሠራር ያለው ጌም መምረጥ ነው። የቀድሞው አሠራር የተጋጣሚያችሁ ትእዛዝ እስኪደርስ ጌሙን ያስጠብቃል፣ ስለዚህ የእናንተም ቁልፍ ይዘገያል። ሮልባክ ግን ተጋጣሚያችሁ ምን እንደሚጫን ገምቶ ይቀጥላል፣ ግምቱ ከተሳሳተ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል። ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን የሠራው ጂጂፒኦ የሚባለው ሥርዓት ይህንን ነው የሚያደርገው፤ የድሮ ጌሞችን በኦንላይን የሚያጫውተው ፋይትኬድም በእሱ ነው የሚሠራው።

ሮልባክ አለ ብላችሁ ግን ዋይፋይን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ፒንጉ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ጥሩ ሆኖ ሲታይ ቆይቶ ድንገት የሚዘል ከሆነ፣ ካራክተሩ እዚህ ነበር ስትሉት እዚያ ይገኛል። ኬብል ግዴታ ይሁን ወይም ቢያንስ ኬብል ያለው ቅድሚያ ይኑረው። በጣም ተራርቀው የሚኖሩ ተጫዋቾችንም በመጀመሪያው ዙር አታገናኙ፤ በየአካባቢያቸው ተጫውተው አሸናፊዎቹ ይገናኙ።

ካራክተር ለማገድ መቸኮል

በሱፐር ተርቦ አኩማ የተባለውን ካራክተር ማገድ የቆየ ልማድ ነው፣ ምክንያትም አለው፦ ከአየር ላይ የሚለቀው እሳት ለአብዛኛው ካራክተር መልስ የሌለው ነው። ከዚያ አልፎ «ይሄም ያናድዳል፣ ያም ይከለከል» ማለት ከተጀመረ ግን ማቆሚያ የለውም። ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ላይ 56 ካራክተር እያለ በማግኔቶና በስቶርም መጫወት የሚወድ ሰው ያንን ጌም ሊጫወት ነው የመጣው። ተውት ይጫወት።

አንዴ የተሸነፈን ማሰናበት

ለዓመታት ያልነካውን ጌም ሊጫወት የመጣ ሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ ደህና ሁን ቢባል ሌላ ጊዜ አይመጣም። ሁለት ጊዜ እስኪሸነፍ የሚያቆየውን ብራኬት (የግጥሚያ ድልድል) ተጠቀሙ። ሒሳቡን ግን ቀድማችሁ ሥሩ፦ 32 ሰው በአንድ ሽንፈት የሚወጣ ከሆነ 31 ግጥሚያ ነው፣ በሁለት ከሆነ 62 ወይም 63። ሁሉንም አንድ በአንድ በስትሪም ካላሳየሁ ካላችሁ ሌሊቱ ይነጋባችኋል፤ ጎን ለጎን ይጫወቱ። በጊዜ ለወጡት ጀማሪዎች ደግሞ የራሳቸውን ትንሽ ብራኬት ክፈቱላቸው፣ ብዙ ጊዜ ደስ የሚለው ጨዋታ እዚያ ነው ያለው።

ሰዓትና ደንብ ሳይጻፍ መጀመር

ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ጻፉት፣ ሁሉም ወደራሱ ይቀይረው። ተጫዋች ስንት ደቂቃ ከዘገየ ይወጣል? መስመር ቢቋረጥ ራውንዱ ይደገማል ወይስ ውጤቱ ይጸናል? ቁልፍን በራሱ የሚደጋግም ተርቦ ጆይስቲክ ይፈቀዳል? (እኔ አልፈቅድም።) ይህንን ሁሉ ምዝገባ ሳይከፈት ጻፉ። የዳኝነቱን የመጨረሻ ቃል የሚናገር አንድ ሰውም ይኑር፣ እሱ ራሱ ባይወዳደር ይመረጣል።

ቅጂ አለማስቀመጥ

ጨዋታዎቹን ቅዱ። ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ነው። ስትሪም ሲደረግም የፍጻሜውን ብቻ ሳይሆን የጀማሪዎቹንም ጥቂት ግጥሚያ አሳዩ፤ የዓመታት ልምድ ባለው ሰው ላይ አንድ ራውንድ የነጠቀ ጀማሪ ያንን ቅጂ ለሁሉም ጓደኞቹ ይልካል፣ ለሚቀጥለው ውድድርም እነሱን ይዞ ይመጣል።