አዲስ ገቢ ተማሪዎችን የኑሮ ክህሎት በተግባር እንዴት እናስተምር?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶች ውስጥ «ጄኔራል ሳይኮሎጂ ኤንድ ላይፍ ስኪልስ» የሚባል አለ። ተማሪው ጭንቀትን እንዴት መቋቋም እንደሚቻል በፈተና ላይ አሳምሮ ይጽፋል። በዚያው ሰሞን ግን ከቤት የተላከለት ብር አልቆ፣ ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት፣ ዶርም ውስጥ ተሸፋፍኖ ይውላል። የጎደለው ልምምዱ ነው።

የሚከተለው አሠራር ለመምህር፣ ለክበብ አስተባባሪ ወይም ለሲኒየር ተማሪ ይሆናል። አንድ ባዶ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ሰዓትና ወረቀት ይበቃል። ባነርና ቲሸርት ካስፈለገ ነገሩ ወደ ዝግጅት ዞሯል ማለት ነው።

1. ቡድኑን አሳንሱ

ከ10 እስከ 12 ተማሪ በቂ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት «ገንዘብ መያዝ አልችልም» ብሎ የሚናገር አይገኝም። የአንድ ዶርም ልጆችን በተለያየ ቡድን መድቡ፤ አብሮ አዳሪ ፊት የማይነገር ብዙ ነገር አለ። አማርኛ የሚከብዳቸው ካሉ ቋንቋቸውን ከሚችል ተማሪ ጋር አጣምሯቸው። ሰዓቱን ከእራት በፊት 11 ሰዓት አድርጉት፤ ቅዳሜ ጠዋት የልብስ አጠባ ስለሆነ ማንም አይመጣም።

የመጀመሪያው ቀን ደንብ አንድ ነው፦ እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን አይቀርም። ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው ተናገሩት፣ ኋላ የገባችሁትን ቃል እንዳታጥፉ።

2. በገንዘብ ጀምሩ

በስሜት ወሬ ከጀመራችሁ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ብር ግን ሁሉንም ያናግራል። እያንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ያለፈውን ወር የቴሌብር ወይም የባንክ ዝርዝሩን ይክፈት። ማንም ለማንም አያሳይም። ወጪውን በሦስት ረድፍ ይጻፈው፦ ምግብ፣ ትምህርት፣ ሌላ።

ቀጥሎ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ሥሩ። በወር 1,500 ብር የሚላክለት ተማሪ በቀን 50 ብር ያለው ይመስለዋል። ፎቶኮፒ፣ የስልክ ካርድና ሳሙና 450 ብር ከወሰዱ የሚተርፈው 1,050 ነው፤ በቀን 35 ብር። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን 245 ብር ብቻ ወደ ቴሌብሩ ያዛውር፣ ቀሪው ባንክ ይቆይ። የምግቡ ገንዘብ በጥሬው እጁ የሚገባ ነን ካፌ (በግቢው ካፌ የማይመገብ) ተማሪ ካለ፣ እሱ በተለይ የራሱን ቁጥር ይዞ ይሥራ።

«ሌላ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይመለስ ብድር ተደብቆ ይገኛል። ይሉኝታ በምክር አይለቅም፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱ፦

«ወንድሜ፣ 300 ብር ላክልኝ፣ ሐሙስ እመልሳለሁ።»

«አሁን አልችልም።»

«እንዴ! ከአንተ እንኳ ይህን አልጠብቅም ነበር።»

ብዙው ሰው የሚረታው እዚህ ላይ ነው። ምክንያት መደርደር ይጀምራል፣ ጠያቂው ደግሞ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አለው። አጭሯን መልስ ያለ ማብራሪያ እንዲደግሟት አድርጉ፦ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በዚህ ወር አልችልም።» ከዚያ ቦታ ይቀያየሩ። የጫትና የመጠጥ ግብዣንም በዚሁ መንገድ ማለማመድ ይቻላል። መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ችግር የለውም።

3. እንቅልፍን በወረቀት አሳዩ

አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ሁሉም ሰምቷል። የፈተና ሰሞን ቸከላ (ያለ ዕረፍት ማጥናት) ግን ይህን ያስረሳል። ስብከቱን ትታችሁ ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር አስመዝግቧቸው፦ ስልኩን ያስቀመጡበት ሰዓት፣ የተኙበት ሰዓት፣ የተነሡበት ሰዓት።

4. ቢሮዎቹን በእግር አስጎብኙ

ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት ቢሮ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። በር ያንኳኳ ተማሪ በታመመ ቀን ያንን በር ለመፈለግ አይንከራተትም።

እግረ መንገዳችሁን ስለ ዊዝድሮዋል አስረዱ። ታሞ ወይም ተጨንቆ ትምህርቱን ማቋረጥ የፈለገ ተማሪ ቅጹን ሞልቶ በደንቡ መውጣት አለበት። ሻንጣውን ይዞ ዝም ብሎ አገሩ ከገባ፣ ኋላ ልመለስ ሲል ይቸገራል። ማመልከቻም በእጃቸው ይጻፉ፦ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ።

5. ስለ ጭንቀት የምታወሩት አሁን ነው

እስከዚህ ድረስ አብረው ስለሠሩ ይናገራሉ። አንዱ ለ3 ደቂቃ ያውራ፣ ሌላው ይስማ። በመሃል ማጽናናትም፣ መምከርም፣ «እኔም እኮ» ማለትም ክልክል ነው። ሰሚው መጨረሻ ላይ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይንገረው። ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎቹ ገና አንዷ ደቂቃ ሳትሞላ «አይዞህ» ይላሉ።

አንድ ተማሪ መኖር እንዳስጠላው ከተናገረ፣ ለብቻ ወስዳችሁ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ አብራችሁት ወደ ክሊኒክ ሂዱ፤ ሌሊት ከሆነ ፕሮክተሩን (የዶርም ተቆጣጣሪውን) ቀስቅሱ ወይም አምቡላንስ በ907 ጥሩ። የእናንተ ድርሻ ባለሙያ ጋ ማድረስ ነው፣ ለማከም አትሞክሩ።

6. የተቅማጥ ፈሳሽ አዘገጃጀት አሳዩ

ለተቅማጥ የሚሆን ፈሳሽ እፊታቸው አዘጋጁ፦ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አይብዛ። ፋርማሲ ቅርብ ከሆነ የታሸገው ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የተዘጋጀ ዱቄት) ይሻላል።

ፈተናና ነጥብ አያስፈልግም። ከወር በኋላ ሰኞ ሰኞ ብሩን ማን እንዳዛወረ፣ ክሊኒክ ማን እንደሄደ ጠይቁ። ከቡድኑ ሁለቱን መርጣችሁ ለቀጣዩ ዙር የገንዘቡን ክፍለ ጊዜ እነሱ ይምሩት። የብድር ጠያቂውን ቦታ ግን እናንተው ያዙት፤ ተማሪ ተማሪን ሲለምን ቶሎ ይራራል፣ መልመጃውም ይበላሻል።