በፖርቱጋል የባሕር ዳርቻዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፖርቱጋል ከስፔንና ከጣሊያን ጋር ደቡብ አውሮፓ ተብላ ስለምትጠራ፣ ባሕሯም እንደ ሜዲትራኒያን ሞቃትና ረጋ ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚሁ ይመጣሉ። የፖርቱጋል ዳርቻ በሙሉ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። በምዕራቡ በኩል፣ በናዛሬና በካስካይስ፣ በሐምሌ ፀሐይ እንኳ ውሃው 20 ዲግሪ የማይሞላባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በበጋቸው ከሰሜን የሚነፍሰው ንፋስ የላዩን ውሃ ወደ ጥልቁ ባሕር ሲገፋው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ከሆነ በደቡብ፣ በአልጋርቭ፣ በተለይም በምሥራቁ ጫፍ ታቪራ አካባቢ ቢያርፉ ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ገደል ሥር መቀመጥ ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ሰው ስለሚሞትበት ነው። የአልጋርቭ ወርቃማ ገደሎች ውብ ናቸው፤ ግን ድንጋያቸው በቀላሉ የሚሸረሸር ነው። በነሐሴ 2009 (እ.ኤ.አ.) አልቡፌይራ አጠገብ ማሪያ ሉይዛ በተባለው ዳርቻ ገደል ተንዶ አምስት ሰዎች ሞተዋል። ከገደሉ ግርጌ የሚርቁት ቢያንስ የቁመቱን አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፦ ገደሉ 20 ሜትር ከሆነ 30 ሜትር። ጥላ የሚገኘው እዚያው ሥር መሆኑ ነው ሰውን የሚያታልለው። ጃንጥላ ይከራዩ።

የውሃውን መሙላትና መሸሽ አለማወቅ ደግሞ አለ። ዋና የለመዱት በላንጋኖ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ከሆነ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ውቅያኖሱ ስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ቀን ከሦስት ሜትር በላይ ይደርሳል። በአልጋርቭ ባለችው ላጎስ ከተማ ውሃው ሲሸሽ ከአንዱ ትንሽ ዳርቻ ወደ ሌላው በእግር ይታለፋል። ሲመለስ ግን መንገዱ ይዘጋል፤ ሰውም በገደልና በማዕበል መካከል ይቀራል። የዕለቱን ሰዓት በስልክዎ ሳያዩ አይራመዱ።

ባንዲራውን ችላ አይበሉ። አረንጓዴ ከሆነ ይዋኙ። ቢጫ ሲሆን ውሃው ውስጥ መቆም ይቻላል እንጂ መዋኘት አይፈቀድም። ቀይ ከሆነ እግርዎንም አያስገቡ። ሰማያዊና ነጭ ዳማ ያለበት ደግሞ ነፍስ አድኑ ለጊዜው የለም ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ውሃ ወደ ጥልቁ ከጎተተዎ በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ አይታገሉ፤ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተው ከሚጎትተው ውሃ ሲወጡ ከዚያ ይመለሱ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 112 ነው።

ጣሪያው የተቀደደውን የአልጋርቭ የቤናጂል ዋሻ በፎቶ አይተው በራስዎ ዋኝተው እገባለሁ ብለው አያቅዱ። ከ2024 ጀምሮ በዋና መግባትም ዋሻው ውስጥ ባለው አሸዋ ላይ መውረድም ተከልክሏል። በጀልባ ወይም ከአስጎብኚ ጋር በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ትንሽ ጀልባ) ይሂዱ።

ናዛሬን በአውሮፓ በጋ ጎብኝቶ ዝነኛውን ማዕበል አላየሁም ብሎ ማዘንም አለ። ግዙፉ ማዕበል የሚመጣው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ ከባሕሩ ሥር ያለው ጥልቅ ሸለቆ የውቅያኖሱን ኃይል ወደ ከተማዋ ይመራዋል። ጀርመናዊው ማዕበል ጋላቢ ሰባስቲያን ስቶይድነር በጥቅምት 2020 የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር ተለክቷል። በዚያ ወቅት ከሄዱ ከመብራት ቤቱ ምሽግ ሆነው ይመልከቱ እንጂ ሰሜናዊው ዳርቻ ወርደው ውሃው አጠገብ አይቁሙ።

በመጨረሻም፣ ያለ መኪና አይቻልም ብለው አያስቡ። ከሊዝበን ካይስ ዶ ሶድሬ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር በ40 ደቂቃ ገደማ ካስካይስ ያደርሳል። ፋሮና ኦልያዎ ላይ ደግሞ ጀልባ ተሳፍረው ወደ ሪያ ፎርሞዛ ደሴቶች ይሻገሩ፤ ለእኔ ከአልጋርቭ ሁሉ ሰፊውና ጸጥ ያለው አሸዋ እዚያ ነው። የመጨረሻው መመለሻ ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን ከመሳፈርዎ በፊት ይጠይቁ።