ብረት ይሁን ፕላስቲክ? መጀመሪያ ምጣዳችሁን ገልብጣችሁ እዩት

የሆነ እቃ ሰርታችሁ ለመሸጥ ካሰባችሁ ብዙ ሰው ሚሳሳተው ማቴሪያል ሲመርጥ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። መጀመሪያ የሰራሁት የከሰል ምድጃ ላይ እጀታውን ከፒቪሲ ቱቦ ቆርጬ ነበር ያረኩት፣ ሲታይ በጣም ያምር ነበር፣ አቦሉ ሳይወርድ ጎበጠ፣ ቶናው ላይ ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ፒቪሲ እኮ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ይሄን ሳላጣራ ነው የገባሁበት።

ስለዚ ከመጀመራችሁ በፊት እቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሶኬት ንቀሉና ገልብጣችሁ እዩት። ክዳኑ አልሙኒየም ነው፣ ምክንያቱም ክብደቱ የብረት ሲሶ ገደማ ነው፣ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሚነሳ ነገር ደሞ መቅለል አለበት፣ እንፋሎቱም አያዝገውም። ዙሪያውና እግሩ ላሜራና ቱቦላሬ (ዝርግ ብረትና ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ) ነው ምክንያቱም ሸክላው ከባድ ነው መሸከም አለበት፣ ርካሽም ነው፣ ይበየዳልም፣ ግን ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ወዲያው ይዝጋል። ውስጥ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ኒክሮም ሚባለው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ነው፣ ግሎ ቀይ ሆኖም ቶሎ አይበላም። ከሶኬት ሚመጣው ገመድ ግን መዳብ ነው፣ እሱ እንዲግል አይደለማ ሚፈለገው፣ ኮረንቱን ሳያባክን እንዲያሳልፍ ነው።

አሁን የክዳኑን እጀታ ንኩት። ያ ጥቁር ጠንካራ ነገር ባካላይት ወይ የሱ ዘመድ ነው፣ ፕላስቲክ ሁለት አይነት ነው እና ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን ጨረሳችሁ፦ አንዱ ሲሞቅ ይቀልጣል ሲቀዘቅዝ ይደርቃል እንደገናም ይቀልጣል (ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ወንበር)፣ ሌላው አንዴ ከደረቀ በኋላ አይቀልጥም፣ ሙቀቱ ከበዛበት ይከስላል እንጂ። እሳት አጠገብ ሚቀመጥ እጀታ ከሁለተኛው ይሁን፣ ካጣችሁ ደሞ እንጨት። እኔ በመጨረሻ ቀጭን ቶንዲኖ (የብረት ዘንግ) አጥፌ ጫፉ ላይ የባህር ዛፍ እንጨት ሰካሁበት፣ እስካሁን አለ።

ከመጀመሪያው አይነትም ቢሆን ልዩነት አለው። የጀሪካን ፕላስቲክ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ፖሊፕሮፒሊን ሚባለው ሌላው ፕላስቲክ 160 ይደርሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሚቀልጠው 250 አካባቢ ነው ግን የፈላ ውሃ ስትጨምሩበት እንደሚኮማተር ሁላችሁም አይታችኋል፣ ስለዚ የመቅለጫ ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትመኑ፣ ከዛ በፊት ሚለሰልስበት አለ። እቃውን ገልብጡና ሶስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ፈልጉ፦ 1 የውሃ ጠርሙስ፣ 2 ጀሪካን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቁጥር ከሌለው ትንሽ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ጣሉ፣ የጀሪካኑና ፖሊፕሮፒሊኑ ይንሳፈፋሉ፣ የጠርሙሱና ፒቪሲው ይሰምጣሉ። አቃጥዬ በጠረኑ ልለየው ምትሉ ተዉት፣ የፒቪሲ ጭስ አሲድ ነው።

ብረት ለመለየት ማግኔት በቂ ነው ይባላል፣ ግማሽ እውነት ነው። አልሙኒየም፣ ናስና መዳብ አይስቡም፣ እስቴንለስ ላይ ግን ያታልላል፣ 304 ሚባለው አይስብም ወይ ትንሽ ብቻ ይስባል፣ 430 ሚባለው ግን ጥርግ አርጎ ይስባል፣ ሁለቱም እስቴንለስ ናቸው። የተጠራጠራችሁት ላይ ጨውና ሎሚ ቀብታችሁ አሳድሩት፣ ተራ ብረት ከሆነ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ምግብ ሚነካ እቃ ከሆነ ደሞ ሊጥን አስቡ። ሊጥ ይኮመጥጣል፣ አሲድ አልሙኒየምን ይበላል፣ ስለዚ ቀናት ሚያድር ሊጥ በፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል፣ ግን ለምግብ የተሰራ ባልዲ፣ የቀለም ባልዲ አጥቤ ምናምን አይሰራም።

መገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ፕላስቲክ ሲሞቅ ከብረት በጣም በላይ ይረዝማል። 1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፣ የጀሪካን ፕላስቲክ ግን 4 ሚሊሜትር አካባቢ ይሄዳል፣ ብሎኑን ጥርቅም አርጋችሁ ካሰራችሁት ወይ ይጎብጣል ወይ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ሞላላ አርጉት። አልሙኒየምን በተራ የብረት ብሎን ካሰራችሁ እርጥበት ባለበት ቦታ አልሙኒየሙ ቶሎ ይበላል፣ መሃል የፕላስቲክ ዋሸር አስገቡ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከመበየዳችሁ በፊት ደሞ ዚንኩን ፍቁት፣ አየር ያለበት ቦታም ስሩ፣ ጭሱን ስባችሁ ከዋላችሁ ማታ ብርድ ብርድ ይላችኋል ትኩሳት ትሆናላችሁ።

ጸሃይ ላይ ሚውል ፕላስቲክ ከሆነ ጥቁር ምረጡ፣ ሮቶ በብዛት ጥቁር ሚሆነው ያለምክንያት አይደለም፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ጸሃዩ እንዳያደርቀውና እንዳይሰነጥቀው ይከላከላል።

በመጨረሻ ብዛቱን ቁጠሩ። ፕላስቲክ በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ሲመረት አንዱ ፍሬ ርካሽ ነው፣ ሞልዱ ግን ራሱ ከብረት ተፈልፍሎ ሚሰራ ነውና ኪስ ያራቁታል። 50 ምድጃ ብቻ ምትሰሩ ከሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ፣ እዛ አሮጌ በርሜል ቀደው አጥፈው ቀጥቅጠው ምድጃ ሚሰሩ ሰዎች አሉ፣ ንድፋችሁን በካርቶን ቆርጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በወረቀት ከተሳለው ይልቅ እሱን ቶሎ ይረዱታል፣ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ግን ሳትጠይቁ አታስቆርጡ።