በመኪና የጽናት ውድድር ግጭት ጥፋተኛውን እንዴት እንለያለን?

እኛ ከተማ ነገሩ ቀላል ነው። ከኋላ መጥቶ የገጨ ይከፍላል። ይህን ይዛችሁ ፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን 24 ሰዓት የመኪና ውድድር ለመዳኘት ከተቀመጣችሁ ግን ተሳሳታችሁ። እኔ ጓደኞቼ በኮምፒውተር ጌም ለሚያዘጋጁት የጽናት ውድድር ዳኛ ነኝ፤ የምነግራችሁን የተማርኩት ሰው በድዬ ነው።

መጀመሪያ መኪኖቹን ለዩ። ሌ ማን ላይ ሦስት የመኪና ምድቦች አንድ መንገድ ይጋራሉ፦ ፈጣኑ ሃይፐርካር፣ መካከለኛው ኤልኤምፒ 2 እና ዘገምተኛው ጂቲ 3። ቀጥታው ላይ ሃይፐርካር በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር ጂቲው 280ዎቹ ውስጥ ነው። የ50 ኪሎ ሜትር ልዩነት ማለት በየሰከንዱ 14 ሜትር መቅረብ ነው። ስፖኪዮ ውስጥ ነጥብ የነበረው መብራት፣ ፍሬን ይዞ ቀና እስኪሉ ጎን ላይ ደርሷል። ደግሞ አንዱን ጂቲ 3 በየተራ ከሚነዱት ሾፌሮች ቢያንስ አንዱ አማተር መሆን አለበት።

ቀጥሎ፣ የሚሻሙት ለአንድ ቦታ ነው ወይስ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በሙሉ ዙር ደርቦ እያለፈ ነው? ለቦታ ከሆነ መጠነኛ መገፋፋት ይታለፋል።

አሁን ከባዱ። ግጭቱን ተዉትና ምስሉን አምስት ስድስት ሰከንድ ወደኋላ መልሱ። የፊተኛው መሪውን ማዞር ሲጀምር የኋለኛው የት ነበር? የፊት ጎማው የፊተኛው በር አጠገብ ከደረሰ ቦታ ይገባዋል። ኋላ ጎማው ጋር ብቻ ከሆነ ግን የገባው ሊዘጋ ወዳለ ቀዳዳ ነው። የሚያልፍበትን ቦታ የመምረጥ ዕዳ የፈጣኑ ነው። የዘገምተኛው ሥራ መስመሩን ጠብቆ መንዳት ነው። ሰማያዊ ባንዲራ «ፈጣን መኪና እየመጣብህ ነው» ይላል እንጂ «ከመንገድ ጥፋ» አይልም። እንዲያውም ላሳልፍ ብሎ ድንገት የሚዞር ሾፌር መስመሩን ከያዘው የባሰ አደገኛ ነው።

በ2011 ሌ ማን ላይ የአውዲ ሾፌሩ አለን ማክኒሽ በመጀመሪያው ሰዓት በውስጥ በኩል ሾልኮ ሲገባ አንድ ጂቲ ፌራሪ መስመሩን ይዞ ታጠፈ። አውዲው ተሽከርክሮ አጥሩ ላይ ተሰባበረ፤ ማክኒሽ ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም። ያኔ ፌራሪውን ረግሜዋለሁ። ዛሬ ሳየው ግን የተቻኮለው ማክኒሽ ነው።

ቀጥታ መንገድ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ማን ወደ ማን ተጠጋ? በ2024 የሾፌሩ ሮበርት ኩቢትሳ ፌራሪ ሙልሳን በሚባለው የሌ ማን ረጅም ቀጥታ ላይ ከቢኤምደብሊው ጋር ተነካካ፤ ቢኤምደብሊው አጥሩ ላይ ተላተመ። ኩቢትሳ መኪናውን ጥገና መስመር ላይ 30 ሰከንድ አቁሞ የመሄድ ቅጣት ተሰጠው። እኔ ያንሳል እላለሁ።

የኔ ጥፋት ከካሜራ ይጀምራል። ከሩቅ በዙም የተቀረጸውን፣ ያውም በዝግታ፣ ደጋግሜ አየሁ። ዙም ርቀትን ያሳጥራል፤ ኋላ የቀረው መኪና ጎን ለጎን ያለ ይመስላል። ዝግታው ደግሞ፣ ኳስ ላይ በቫር እንደምናየው፣ ሁሉንም ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ያስመስለዋል። «በር ዘጋህ»፣ ማለትም መንገድ ከለከልክ፣ ብዬ የፊተኛውን ቀጣሁት። በኋላ የራሱን የውስጥ ካሜራ ሲልክልኝ፣ እጁ መሪውን ሲያዞር ከኋላው የነበረው ገና ፍሬን እንኳ አልያዘም ነበር። የሦስት ሰዓት ድካሙን ገደል ከተትኩበት። ስለዚህ መጀመሪያ በትክክለኛ ፍጥነት፣ ከዚያ ከውስጥ፣ መጨረሻ ላይ ከላይ እዩ። የሬዲዮ ጩኸቱን ዝጉት፤ ሁሉም ተበዳይ ነው።

ቅጣቱን በጉዳቱ አትመዝኑ። አንዱ ድርጊት አንድ ቀን ቀለም ይፍቃል፣ ሌላ ቀን መኪና ያቃጥላል። እኔ የምመዝነው ውሳኔውን ነው።

ውሳኔውን ስትጽፉ የምስሉን ደቂቃና ሰከንድ አብራችሁ አስፍሩ። ስልካችሁ መጥራቱ አይቀርም።