ምርጫና የበረዶ ውሽንፍር ሲገጣጠሙ፦ በሚኒሶታ ትንሽ ከተማ ለምክር ቤት ለሚወዳደሩ

በሚኒሶታ የከተማ ምክር ቤት ወንበር በመሀል ሲጓደል የማሟያ ምርጫው በብርዱ ወራት ሊወድቅ ይችላል። ሕጉ ለእንዲህ ዓይነት ምርጫ ከሚፈቅዳቸው ቀኖች አንዱ የፌብሩዋሪ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። የታውንሺፖች (የትንንሽ ገጠር አካባቢዎች አስተዳደር) ምርጫና ዓመታዊ ስብሰባ ደግሞ በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ ይካሄዳል። ሁለቱም ውሽንፍር የማይታመንባቸው ጊዜያት ናቸው። ከጋምቤላ በስደት የመጣው ኦባላ ኦባላ በ2020 ለኦስቲን ከተማ ምክር ቤት ከተመረጠ ወዲህ፣ በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች መወዳደር ለኛ ሰው የሩቅ ነገር አይደለም። የሚቸግረው አየሩ ነው። ስለዚህ ዋናው ቅስቀሳ በረዶው ሳይወርድ ይለቅ፤ በረዶው ከወረደ በኋላ ያለው ጊዜ የጉልበትና የጉርብትና ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ለመወዳደር ዜግነት፣ 21 ዓመት መሙላትና ከምርጫው በፊት ቢያንስ 30 ቀን በቦታው መኖር ያስፈልጋል። በትንንሽ ከተሞች የመመዝገቢያው ክፍያ 2 ዶላር ብቻ ነው። በዓመቱ የሰበሰቡት ወይም ያወጡት ከ750 ዶላር ካለፈ የገንዘብ ሪፖርት ማስገባት ግዴታ ይሆናል። ሕዝቡ ከ100,000 በማይበልጥ ከተማ አንድ ሰው በምርጫው ዓመት ሊሰጥዎ የሚችለው እስከ 600 ዶላር ነው፤ ከኩባንያ የሚመጣ ገንዘብ አይነካም። የኛ ሱቅና ምግብ ቤት ባለቤቶች በቅንነት በድርጅታቸው ቼክ ይጽፋሉ፤ ቼኩን በትሕትና መልሰው ከግል ኪሳቸው እንዲያደርጉት ያስረዱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሊያግዝ ይችላል፤ መራጭ ሆኖ ግን ፈጽሞ መመዝገብ የለበትም። ይህን ለእያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ደግመው ደጋግመው ይንገሩ፤ በስህተት የተሞላ አንድ ቅጽ የሰውን የዜግነት ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል።

ምልክት በቀዘቀዘ መሬት ላይ

በማሟያ ምርጫ የድጋፍ ምልክት (የዕጩው ስም ያለበት፣ በግቢ የሚተከል ሰሌዳ) ከምርጫው 13 ሳምንት በፊት ጀምሮ መትከል ይቻላል። መሬቱ ገና ሳይቀዘቅዝ የተከለ ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል። ጃንዋሪ ላይ መሬቱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ሁለት እግር ያለው ቀጭኑ የሽቦ ማቆሚያ በእግር ሲረግጡት ይጣመማል እንጂ አይገባም። መፍትሔው በባትሪ የሚሠራ መዶሻ ድሪል ይዞ፣ ከሽቦው ትንሽ በሚወፍር የግንብ መብሻ 6 ኢንች ያህል ሁለት ቀዳዳ መብሳት ነው። ከመብሳትዎ በፊት የቤቱን ባለቤት ከሥሩ የሚያልፍ የውሃ ማጠጫ ቱቦ ወይም ሽቦ እንዳለ ይጠይቁ። ድሪል ከሌለ 5 ጋሎን የሚይዝ ባልዲ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልተው ውሃ ያፍስሱበት፤ እንጨቱን መሀል አቁመው ሌሊቱን ውጭ ቢያድር ጠዋት አለት ሆኖ ይገኛል።

ምልክቱ የሚጠፋው በነፋስ ብቻ አይደለም። በረዶ ጠራጊው መኪና ከመንገዱ የሚወረውረው በረዶ ከባድ ነው፤ ከመንገዱ ጠርዝ 10 ጫማ ያልራቀ ምልክት በመጀመሪያው ጠረጋ ይቀበራል ወይም ይሰበራል። የተለመደው አጭር ማቆሚያም ክምሩ ሲያድግ ስለሚሰወር ረጅም እንጨት ይሻላል። በአውራ ጎዳና ዳር ባለው የመንግሥት ይዞታ ላይ መትከል ክልክል ነው፤ እንዲያውም ከበረዶ ሥር የተደበቀ የብረት ማቆሚያ ለጠራጊው ሠራተኛ አደጋ ይሆንበታል። በእያንዳንዱ ምልክትና በራሪ ወረቀት ላይ ማን እንዳዘጋጀውና ማን እንደከፈለበት መጻፍ አለበት። ምልክቱ ከታተመ በኋላ ይህ መስመር መዘንጋቱ ሲታወቅ ሁሉንም በስቲከር ማረም ግድ ስለሚሆን፣ ማተሚያ ቤቱ የላከውን ናሙና ሁለት ሰው ያንብበው።

በር ማንኳኳት

ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚቻል የሚወስነው የነፋሱ ጉልበት ነው። 0 ዲግሪ ፋራናይት ላይ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ቆዳ ላይ 19 ከዜሮ በታች ሆኖ ይሰማል፤ ያልተሸፈነ ጣት ወይም ጆሮ በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ባለ ቀን ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ፤ 20 ደቂቃ ሠርተው መኪና ውስጥ ይሙቁ። መጀመሪያ የሚነጣው የአፍንጫ ጫፍና ጉንጭ ነው፤ ራስዎን ስለማያዩት አንዱ የሌላውን ፊት ይመልከት። የነጣውን ቦታ አያሹት፤ ሞቅ ያለ ቦታ ገብተው በራስዎ እጅ ሙቀት ይሸፍኑት።

ብዕር ቀለሙ ስለሚረጋ እርሳስ ይያዙ። የስልክ ባትሪ በብርድ ሳይታሰብ ስለሚሞት፣ ስልኩ ከኮቱ ውስጥ ከደረት አጠገብ ይቀመጥ፤ የቤቶቹ ዝርዝር በወረቀትም ይኑር። በራሪው በሌዘር ይታተም፤ በቀለም የሚረጨው ማተሚያ ያወጣው ጽሑፍ አንዲት የበረዶ ቅንጣት ስትቀልጥበት ይደበዝዛል። በፖስታ ሣጥን ውስጥ ያለ ቴምብር ወረቀት ማስገባት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ነፋስ እንዳይወስደው በበሩ እጀታ ላይ በላስቲክ ይታሰር። ከቤት ወደ ቤት ሲሄዱ በግቢው በረዶ ላይ አያቋርጡ፤ ሥሩ ደረጃ ወይም ዝቅ ያለ ግንብ ሊኖር ይችላል፣ ባለቤቱም አይወደውም።

ብዙ ዕጩዎች የሚዘነጉት አፓርታማዎችን ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የተመዘገበ ዕጩ ለቅስቀሳ ወደ አፓርታማ ሕንፃ እንዳይገባ መከልከል አይቻልም። አስተዳዳሪው መታወቂያ ሊጠይቅ፣ ሰዓትና የሰው ብዛት ሊወስን፣ ቀጠሮ ያዙ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከሁለት ቀን በፊት ደውለው ስምና ሰዓት ያስይዙ። በሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሐበሾች፣ ሶማሌዎችና ላቲኖዎች በብዛት የሚኖሩት እዚህ ነው፤ ኮሪደሩም ሙቅ ነው። ውጭ አሥር ቤት በሚያዳርሱበት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ በር ይንኳኳል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ስለሚተኛ ከቀኑ 10 ሰዓት (4 PM) በፊት አያንኳኩ።

ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራትስ? የመራጭን ድምፅ ለማግኘት ገንዘብ፣ ምግብ ወይም ዋጋ ያለው ነገር መስጠት ወንጀል ነው። በግል ግብዣ ወይም በሕዝብ ስብሰባ ላይ እዚያው የሚበላና የሚጠጣ፣ አልኮል የሌለው ቀላል መስተንግዶ ግን ይፈቀዳል። ቡና፣ ፈንዲሻና ዳቦ በዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ተሸክመው የሚሄዱት እንጀራና ወጥ አይገባም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ከሆነ ዳቦው የጾም ይሁን። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሰው ማግኘት ቀላል ቢሆንም፣ ካህኑ በአውደ ምሕረት ስምዎን እንዲጠሩልዎ አይጠይቁ፤ ምእመኑን ይከፋፍላል፣ ደብሩንም ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ሲወጣ

የብሔራዊ አየር ትንበያ አገልግሎት ብሊዛርድ የሚለው በሰዓት 35 ማይል ወይም ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነፋስ፣ ከሩብ ማይል በታች ከሆነ እይታ ጋር ቢያንስ ለ3 ሰዓት ሲቆይ ነው። የበረዶው ብዛት በትርጉሙ ውስጥ የለም። ሰማይ ንጹሕ ሆኖ ትናንት የወረደው በረዶ ብቻ ተነሥቶ መንገድ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ብዙ አይጥልም» ተብሎ ቅስቀሳ አይወጣም። ማስጠንቀቂያው ከወጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይግባ፤ የቀረው ሥራ ስልክ ነው።

የስልኩ ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጅ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ የኦክስጅን መሣሪያ ያላቸው፣ ሕፃን ያላቸው፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ሰዎች ይካተቱበት። ለአንድ ደዋይ 8 ቤት ይበቃል። እናቶችን «እማማ፣ ቤቱ ሞቋል? መድኃኒትዎ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ «ይምረጡኝ» የሚለው ቃል በዚያ ቀን አይነሣ።

በየቤቱ ሊነገር የሚገባው ትልቁ ነገር ከሰል ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል በቤት ውስጥ ማንደድ፣ ለቡናም ይሁን ለማሞቂያ፣ ይገድላል። እዚህ አገር ቤቱ ለብርድ ተብሎ ተደፍኖ የተሠራ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ራሱን እያመመው ይተኛል። ለዕጣን ያለችው ትንሽ ፍም እንኳ፣ መስኮት ቢከፈትም፣ አትግባ። ጄኔሬተርም በጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ቢከፈትም፣ አይነሣ፤ ከቤቱ 20 ጫማ ይራቅ። የከተማ ጋዝ የሚጠቀም አዲስ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) ያለበት ቤት በጎኑ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ከግድግዳው ይወጣሉ፤ አንዱ አየር ይስባል፣ አንዱ ጭስ ያወጣል። ነፋስ ያከማቸው በረዶ ሲደፍናቸው ፈርነሱ ይጠፋል፤ ቤቱ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በእጅ ይጥረጉት፤ በአካፋ መምታት ቱቦውን ይሰብረዋል።

መኪና ውስጥ የተያዘ ሰው ከመኪናው አይውጣ። የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽድቶ በሰዓት 10 ደቂቃ ብቻ ሞተሩን ያስነሣ፣ መስኮቱንም በትንሹ ይክፈት።

ውሽንፍሩ ካለፈ በኋላ

አሁን አካፋ። አዲስ የወረደ ደረቅ በረዶ ቀላል ነው፤ ጠራጊው በመግቢያው ላይ የተወው ክምር ግን እርጥብ አፈር ያህል ይከብዳል። ይገፋ እንጂ አይነሣ፤ ማንሣት ካስፈለገ አካፋው ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላ። የልብ ሕመም ያለበትና ዕድሜው የገፋ ሰው ከዚህ ሥራ ይከልከል፤ ብርድና ድንገተኛ ጉልበት አንድ ላይ ልብን ሊያቆሙ ይችላሉ። የጠረጉትን በረዶ ወደ መንገዱ መግፋት ሕግ መጣስ ነው። ጨው ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ስለማይሠራ በዚያን ጊዜ አሸዋ ይበተን። በሰፈሩ ያለው የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ዙሪያውን 3 ጫማ ይጠረግ፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የሰው ደጅ ሲጠርጉ የቅስቀሳ ባጅዎን አውልቀው፣ በራሪ ሳይተዉ፣ ድምፅ ሳይጠይቁ ይሁን። አገልግሎትም ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ በድምፅ የተለወጠ ከመሰለ ያስከስሳል። ደግሞስ ለጎረቤት የሚደረግ ነገር እንደዚያ ነው የሚደረገው።

የከተማው ሰው በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ መንገዴ ለምን አልተጠረገም? የሚከበረው ዕጩ መንገዱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ነው። በከተማው መሀል የሚያልፈው አውራ ጎዳና የስቴቱ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ መንገድ የካውንቲው ነው፤ የቀረው የከተማው። ከከተማው የሕዝብ ሥራዎች ክፍል የጠረጋውን ቅደም ተከተል ካርታ አስቀድመው ይውሰዱ፤ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋና ትምህርት ቤት የሚቀድሙበት ምክንያት እዚያ ላይ ይታያል። «በስድስት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም አስጠርጋለሁ» አይበሉ። ስንት መኪና፣ ስንት ሾፌር፣ የትርፍ ሰዓቱ በጀት ስንት እንደሆነ ሳያውቁ የሚሰጥ ተስፋ በቀጣዩ ውሽንፍር ይጋለጣል። የምክር ቤት አባል በእርግጥ ሊያስወስነው የሚችለው ሌላ ነው፤ የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መኪና በየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚናገረው መልእክት በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በስፓኒሽ እንዲላክ። ብዙ የፈረቃ ሠራተኛ መኪናው የሚጎተትበትና በአንድ ሌሊት የሳምንት ገቢው የሚሄድበት ማስታወቂያውን ስላልሰማ ነው።

ድምፁ በረዶ እንዳይቀብረው

በሚኒሶታ ያለ ምንም ምክንያት ከምርጫው ቀን በፊት ባሉት 46 ቀናት ድምፅ መስጠት ይቻላል። ደጋፊዎን «ማክሰኞ እንገናኝ» አይበሉ፤ ዛሬውኑ ይስጥ። በፖስታ ከሆነ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይላክ፤ ውሽንፍር ፖስታንም ያቆማል። የራስ ፊርማ ወይም የምስክሩ ፊርማ በመቅረቱ ፖስታው ውድቅ ይሆናል፤ ለሰው ሲያስረዱ ሁለቱን መስመሮች በጣት ያሳዩ። እርስዎ ራስዎ ግን የማንንም የድምፅ ፖስታ በእጅዎ አይያዙ።

በምርጫው ቀን ያልተመዘገበ ሰው እዚያው መመዝገብ ይችላል፤ የአድራሻ ማስረጃ ከሌለው የዚያው ምርጫ ጣቢያ ተመዝጋቢ የሆነ ጎረቤት ይመሰክርለታል፣ አንድ ሰው እስከ 8 ሰው ድረስ። ከሕንፃው በ100 ጫማ ውስጥ መቀስቀስ ክልክል ነው፤ ኮትዎ ላይ የቀረች ባጅ እንኳ ታስወጣለች።

ምርጫው ይተላለፍ እንደሆነ ከከተማው ወይም ከታውንሺፑ ጸሐፊ ቢሮ በቀር ማንንም አይስሙ። ታውንሺፖች አየሩ ከከፋ ወደ ማርች ሦስተኛው ማክሰኞ ማዛወር ይችላሉ። በኒው ሃምፕሽር ማርች 14 ቀን 2017 ውሽንፍር በምርጫ ቀን ሲመጣ፣ አንዳንዱ ከተማ አስተላልፎ አንዳንዱ ቀጥሎ፣ የማስተላለፍ ሥልጣን የማን ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በፌስቡክ «ቀርቷል» የሚል ወሬ ካዩ ለጸሐፊው ደውለው አረጋግጠው፣ ትክክለኛውን በአማርኛ ጽፈው ለስልክ ዝርዝሩ ሁሉ ያዳርሱ።

ምልክቶቹ ከምርጫው በኋላ በ10 ቀን ውስጥ መነሣት አለባቸው። በበረዶ የተያዘውን ማቆሚያ በጉልበት አይንቀሉት፤ ሥሩ ለብ ያለ የጨው ውሃ አፍስሰው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ እያዟዟሩ ያውጡት።